የሌሊት ብርሃን፤ የአባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ ሕይወት

ስለ ጥንተ ፍጥረት የሚያስተምሩ አባቶቻችን በዕለተ እሑድ የተፈጠሩትን ፍጥረታት ስምንት ብለው ይቈጥራሉ፤ እነርሱም አራቱ ባሕርያት፣ ጨለማ፣ ሰባቱ ሰማያት፣ መላእክትና ብርሃን ናቸው። በዚህ ቍጥር ጨለማ ከብርሃን አስቀድሞ መጠራቱን ብዙ ሰው ሳያስተውለው ያልፋል። እንግዲህ ጨለማ ከእግዚአብሔር ሥልጣን ውጭ የሆነ፣ ራሱን የቻለ የክፋት መንግሥት አይደለም፤ ማኒና ደቀ መዛሙርቱ አንዱ የብርሃን፣ ሁለተኛውም የጨለማ የሆኑ ሁለት ጥንታውያን መንግሥታት አሉ ብለው በማስተማራቸው የተወገዙት ስለዚህ ነው። ሌሊት የእግዚአብሔር ፍጥረት ነው። የሚያስፈራው ጨለማ ሌላ ነው፤ እርሱም ፈጣሪን አለማወቅ ነው፤ ይህም በቀትር ፀሐይ ላይ ቆሞ በሚሄድ ሰው ልብ ውስጥ ሊኖር ይችላል።

መላእክትም በተፈጠሩ ጊዜ በጨለማ ውስጥ ነበሩ፤ ማን እንደ ፈጠራቸውም ገና አላወቁም። ሳጥናኤል ከእርሱ በላይ ሌላ እንደሌለ ባየ ጊዜ ፈጣሪነትን ለራሱ ሊያደርግ ወደደ፤ የመላእክትም ከተማ ታወከች። ያን ጊዜ ቅዱስ ገብርኤል አምላካቸውን እስኪያገኙ ድረስ እያንዳንዳቸው በያሉበት ጸንተው ይቆሙ ዘንድ አረጋጋቸው፤ ብርሃንም የተፈጠረው ከዚህ በኋላ ነው ብለው መምህራን ያስተምራሉ። ይህን ትምህርት በመጻሕፍት ቤት የሰማ ሁሉ ያውቀዋል፤ ነገር ግን በአንድ ሰው ሕይወት ተገልጦ ማየት ለሚፈልግ፣ ከአባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ የበለጠ ምሳሌ በአገራችን የምናገኝ አይመስለንም። ይህ አባት በጨለማ ውስጥ ጸንቶ መቆምን ከመላእክት ተምሮ፣ የቤተ ክርስቲያንን ሌሊት በጸሎት የሞላ ሊቅ ነውና።

ከኮምቦልቻ ቈላ ተነሥቶ ዳገቱን ወደ ደሴ የወጣ መንገደኛ፣ ከደሴም በስተ ሰሜን ቦሩ ሜዳን አልፎ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሄድ የሐይቅን ባሕር ያገኛል። ቦሩ ሜዳ በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን፣ በ1870 ዓ.ም. ስለ ሃይማኖት ታላቁ ጉባኤ የተደረገበት ስፍራ ነው። ከደሴ ከተማ ስም ጋር ተያይዞ የሚነገረውም ታሪክ ከብርሃን አይለይም፤ ያው ንጉሥ በዚያ ሰፍሮ ሳለ በሰማይ የታየውን ጅራታም ኮከብ ተመልክቶ በመደሰቱ፣ ስፍራውን ደሴ አለው ይባላል። እኛ ግን የምንሄደው ከዚህ ሁሉ ወደ ራቀው ዘመን ነው፤ በባሕሩ መካከል ደሴት ወደ ነበረው፣ ዛሬ ግን ከየብስ ጋር በተያያዘው በደብረ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ወደ ኖሩት አባቶች።

ይህን ገዳም የትምህርት ቤት ያደረገው አባ ኢየሱስ ሞዐ ነው። ከደብረ ዳሞ ከአባ ዮሐኒ ዘንድ የምንኵስናን ሥርዐት ተቀብሎ፣ በ1240 ዓ.ም. ወደ ሐይቅ መጣ። በዚያም አርባ አምስት ዓመት ያህል ሲኖር መጻሕፍትን አስጻፈ፣ ደቀ መዛሙርትን ሰበሰበ፤ አባታችን ተክለ ሃይማኖትም ከእርሱ ዘንድ ተምሯል። በ1273 ዓ.ም. ለገዳሙ የሰጠው አራቱ ወንጌል ስንት ዘመን አልፎ፣ በ1523 ዓ.ም. ገደማ የግራኝ አሕመድ ጦር እስከ ሐይቅ በደረሰ ጊዜ እንኳ ሳይጠፋ ለእኛ ደርሷል። ከእርሱ ዘመን ጀምሮ የሐይቅ አበ ምኔት በነገሥታቱ ዘንድ ዐቃቤ ሰዓት የሚል ማዕርግ ነበረው። አንባቢ ይህን ስም በልቡ ይያዝ፤ ሰዓትን የሚጠብቅ ማለት ነውና፣ ከዚህ ቤት የሰዓታት ደራሲ መውጣቱ ያለ ነገር አይደለም።

አባ ጊዮርጊስ ወደ 1357 ዓ.ም. ገደማ በወሎ በቦረና በኩል ሰግላ፣ ወይም ሸግላ፣ በሚባል ስፍራ ተወለደ፤ ስለዚህ ጊዮርጊስ ዘሰግላ ተብሎም ይጠራል። አባቱ ሕዝበ ጽዮን በንጉሥ ድንኳን ከሚያገለግሉ ካህናት ወገን የሆነ፣ በመጻሕፍት ዕውቀቱ የታወቀ ሊቅ ነበረ። የሊቅ ልጅ መሆን ለሕፃን መልካም ዕድል ነው፤ ዳሩ ግን ትምህርት ባልገባው ጊዜ ኀፍረቱን ዕጥፍ የሚያደርግ ሸክምም ነው። ሕዝበ ጽዮን ልጁን ወደ ሐይቅ ወስዶ ለመነኮሳቱ ሰጠ። ልጁም እንደ ገድሉ ትረካ ሰባት ዓመት ሙሉ ተቀምጦ ምንም ሳይገባው ቀረ። እኩዮቹ ዳዊት ደግመው፣ ዜማ ዐውቀው፣ ወደ መጻሕፍት ሲያልፉ፣ እርሱ የትናንቱን ትምህርት ዛሬ የማያገኘው ሆነ። መምህራኑም ልጁ ወደ ቤቱ ቢመለስ ይሻላል ብለው ለአባቱ ነገሩት። ሕዝበ ጽዮን ግን ለእግዚአብሔር የሰጠውን መልሶ ሊቀበል አልወደደም፤ ዕውቀት ባይገባው እንኳ የመነኮሳቱ አገልጋይ ሆኖ ይኑር ብሎ በዚያው ተወው።

በዚህ ላይ ጥቂት ልንዘገይ ይገባናል። በቆሎ ትምህርት ቤት ያደገ ሁሉ እንዲህ ያለውን ልጅ ያውቀዋል። በጉባኤው ዳር የሚቀመጥ፣ ሲጠየቅ ዐይኑን ወደ መሬት የሚያደርግ፣ እንጨት ልቀም ሲሉት ግን ከሁሉ ቀድሞ የሚነሣ ልጅ ነው። እኛም በተማርንባቸው ቤቶች እንደዚህ ያሉትን አይተናል፤ ከነርሱም መካከል መምህር ታግሦአቸው የኋላ የኋላ የጉባኤ ቤት ባለቤት የሆኑ አሉ፤ ከመምህር ቍጣ የተነሣ ሸሽተው የጠፉም አሉ። ፈጥኖ የሚይዘውን ማመስገን ቀላል ነው። የዘገየውን ከጉባኤ ማባረር ግን ገና ያልበራውን መብራት እንደ መስበር ነው፤ በሐይቅ ያሉ አባቶች ያን ልጅ በሰባተኛው ዓመት በር ዘግተውበት ቢሆን ኖሮ፣ ዛሬ በሌሊት የምንቆምበት መጽሐፍ ባልኖረን ነበር።

ልጁም ወደ ወፍጮ ቤት ተሰጠ። በአገራችን ልማድ ወፍጮ የሴቶች ሥራ ነው፤ ሴት በማይገባበት ገዳም ግን ለማኅበሩ እኽል የሚፈጭ ወንድ መገኘት አለበት። መጁን ይዞ በድንጋዩ ላይ ጐንበስ ቀና የሚለው ያ የሊቅ ልጅ፣ ከሥራው በተለቀቀ ጊዜ ወደ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ በእመቤታችን ሥዕል ፊት እየቆመ ያለቅስ ነበር። ልመናውም ሹመት ወይም ክብር ለማግኘት አልነበረም፤ ልቡናው እንዲበራለት ብቻ ነበር። ገድሉ እንደሚተርክልን፣ እመቤታችን ከመልአኩ ከቅዱስ ዑራኤል ጋር ተገልጣ የዕውቀትን ጽዋ አጠጣችው፤ ከዚያም ወዲህ ሰባት ዓመት የተዘጋበት ነገር ሁሉ ተከፈተለት። በአብያተ ክርስቲያኖቻችን ግድግዳ ላይ ዑራኤል ጽዋ ይዞ ሲሣል የምናየው አንድም ይህን በማሰብ ነው።

ስለዚህ ጽዋ ሲነገር ሰምቶ፣ እንግዲያስ መማር አያስፈልግም የሚል ተማሪ አይታጣም። ሰነፍ ሰው ከቅዱሳን ታሪክ ለስንፍናው የሚሆነውን ቃርሞ ያወጣል። አባ ጊዮርጊስ ግን ጽዋውን የጠጣው ከሰባት ዓመት ድካም በኋላ ነው፤ ከጠጣም በኋላ መጻሕፍትን ትቶ አልተቀመጠም። በድርሰቶቹ ውስጥ የብሉይና የሐዲስ ምስክር እየተከታተለ እንዴት እንደሚፈስስ ያየ ሰው፣ ይህ ሌሊትና ቀን ያነበበ ሰው ሥራ መሆኑን ያውቃል። ጸጋ ዐይንን ያበራል እንጂ በዐይን ፋንታ ገጹን አያነብም።

በዐፄ ዳዊት ዘመነ መንግሥት፣ ይኸውም ከ1374 እስከ 1405 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ የአባ ጊዮርጊስ ዝና እስከ ንጉሥ ከተማ ደረሰ። በዚያ ዘመን የሐይቅ ዐቃቤ ሰዓት የነበረው ሠረቀ ብርሃን ሲሆን፣ ስሙ የብርሃን መውጣት ማለት ነው። አባ ጊዮርጊስ በቤተ መንግሥት እያስተማረ ሳለ፣ ከንጉሡ ልጆች አንዱ የሆነው፣ በኋላ ዐፄ የተባለው ዘርዐ ያዕቆብ ከደቀ መዛሙርቱ እንደ ነበረ ይተረካል። እመቤታችንን የሚያመሰግነው አርጋኖን፣ ውዳሴ መስቀልና ኆኅተ ብርሃን፣ ሌሎችም ብዙ ድርሰቶች የእርሱ ተብለው ይቈጠራሉ። ኆኅተ ብርሃን የብርሃን በር ማለት ነው፤ ከወፍጮ ቤት ለወጣ ሰው እመቤታችን በእውነት የብርሃን በር ሆናለታለችና ስሙ የተገባ ነው። መስቀሉንም ያመሰገነው፣ የጌታችን ግማደ መስቀል ወደ ኢትዮጵያ መጣ ተብሎ በሚነገርበት በዚያው በዐፄ ዳዊት ዘመን ነው፤ ይህም ቅዱስ ንዋይ በኋላ ያረፈባት ግሼን ከሐይቅ ብዙ ሳትርቅ በአምባሰል ትገኛለች።

ብርሃን ግን ባለበት ስፍራ ሁሉ ጠላት አያጣም። ቢቱ የተባለ፣ በቤተ መንግሥት የተሰሚነት ስፍራ የነበረው ሰው ተነሥቶ በንጉሡ ፊት ስለ ሥላሴ ከአባ ጊዮርጊስ ጋር ተከራከረ። ክርክሩን አባ ጊዮርጊስ ራሱ በመጽሐፈ ምሥጢር መልስ ሰጥቶበታል። ገድሉም የነገር ሠሪዎች ክስ በንጉሡ ጆሮ እንደ ገባ፣ ሊቁም ስለ እውነተኛይቱ ሃይማኖት እስር እንደ ተቀበለ ይናገራል። አንድ ሰው በክርክር ሊረታው ያልቻለውን ሰው በወህኒ ቤት ሊረታው ሲሞክር ይህ የመጀመሪያው አይደለም፤ የመጨረሻውም አልሆነም። ወፍጮ ቤቱ የመጀመሪያው ጨለማ ከሆነ ይህ ሁለተኛው ነው፤ ከመጀመሪያውም ይከፋል፤ የመጀመሪያው ከልቡና ድካም የመጣ ሲሆን ሁለተኛው ግን ከሰው ክፋት የመጣ ነውና። ሐዋርያው ጳውሎስና ሲላስ በፊልጵስዩስ ወህኒ በመንፈቀ ሌሊት እንዴት እንደ ዘመሩ ያነበበ ሰው (የሐዋ. ሥራ 16፡25)፣ አባ ጊዮርጊስ ከእስር በተፈታ ጊዜ ለምን እንደ ቀድሞው በጸሎትና በድርሰት ጸንቶ እንደ ተገኘ ያስተውላል።

አሁን ወደ መጽሐፈ ሰዓታት እንምጣ። ከእርሱ አስቀድሞ ከግብጽ የመጣ የሰዓታት ሥርዐት በአገራችን ይጸለይ ነበር። አባ ጊዮርጊስ ግን ለሌሊቱም ለቀኑም የሚሆን ሰፊ የሰዓታት ጸሎት አዘጋጀ፤ ይህም በቤተ ክርስቲያናችን ጸንቶ ቀረ። ነቢዩ ዳዊት በቀን ሰባት ጊዜ ማመስገኑን እንደ ተናገረ (መዝ. 118፡164)፣ አባቶቻችን ነግህን፣ ሠለስትን፣ ቀትርን፣ ተሰዓትን፣ ሠርክን፣ ንዋምንና መንፈቀ ሌሊትን ለጸሎት ለይተዋል። ለእያንዳንዱም ምክንያት አለው። በቀትር ጌታችን ተሰቀለ፤ ፀሐይም ጨልማ እስከ ዘጠኝ ሰዓት በምድር ሁሉ ላይ ጨለማ ሆነ። በሠርክ ከመስቀል ወርዶ ተቀበረ። በመንፈቀ ሌሊት ደግሞ መወለዱን፣ መነሣቱንና ዳግመኛ መምጣቱን እናስባለን። እንግዲህ አስተውሉ፤ ከሰዓቶቹ ሁሉ ይበራል የምንለው ቀትር የጨለማ ሰዓት ሆነ፤ ይጨልማል የምንለው መንፈቀ ሌሊት ግን የልደትና የትንሣኤ ሰዓት ሆነ። ኒቆዲሞስ በሌሊት ወደ ጌታችን መጣ፤ ይሁዳም በሌሊት ከጌታችን ተለይቶ ወጣ። ሌሊቱ አንድ ነው፤ የተለየው የሁለቱ ሰዎች መንገድ ነው።

በቤተ ክርስቲያን ሥርዐት ዕለቱ የሚጀምረው ከሠርክ ነው፤ በዘፍጥረት ማታው ከጧቱ ቀድሞ ተቈጥሯልና። ስለዚህ ሌሊቱ የቀኑ ጅራት አይደለም፤ ራሱ ነው። ቀኑን ከሌሊቱ ሊጀምር የሚገባው ሰው፣ ሌሊቱን ያለ ጸሎት ካሳለፈ ቀኑን ያለ ራስ ጀመረው ማለት ነው። አባ ጊዮርጊስ ለዚህ ሰዓት ቃል ሰጠ። ካህናቱ በእንቅልፍ ሰዓት ተነሥተው የሚያደርሱት ምስጋና፣ የሚነበበው ወንጌል፣ ለሙታንና ለሕያዋን፣ ለመንገደኛና ለሕመምተኛ የሚቀርበው ልመና፣ ሁሉ እየተያያዘ እስከ ጸሎተ ኪዳን ይደርሳል። ኪዳን ሲደረስም ጎሕ ይቀዳል። ሌሊቱ በግድ የሚያልፍ ጊዜ መሆኑ ቀርቶ፣ ሰው ከፈጣሪው ጋር እየተነጋገረ የሚሻገረው መንገድ ሆነ።

ዛሬ ይህ ሥርዐት በብዙ ስፍራ መሳሳቱን ሳንናገር ብናልፍ ታሪኩን ብቻ ማሞገስ ይሆንብናል። በከተሞቻችን የድምፅ ማጉያው በዝቷል፤ ሰዓታት የሚያደርስ ካህን ግን በየደብሩ እንደ ድሮው አይገኝም። ሰዓታት የሚያውቅ ሽማግሌ ሲያርፍ ቦታውን የሚይዝ ተማሪ ሳይተካ የቀረበት ደብር አለ። ምእመናንም በትልልቅ በዓላት ካልሆነ በቀር ሌሊቱን አይቆሙም። ኤሌክትሪክ ሌሊቱን ያበራው መስሎናል፤ መንገዱን አብርቷል፤ ኮምቦልቻም በፋብሪካዎቿ መብራት ከዳገቱ ላይ ስትታይ ታምራለች። ነገር ግን በጥቅምትና በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ደርሶ መብራትና ስልክ በተቋረጠ ጊዜ፣ ሌሊት ምን እንደ ሆነ ሁላችን ዐወቅን። ዜና የሚያመጣ አልነበረም፤ የተለየው ልጅ በሕይወት ይኑር አይኑር የሚነግር አልነበረም። በእንደዚያ ያለ ሌሊት ለሰው የሚቀርለት በቃሉ የያዘው ጸሎት ብቻ ነው፤ በቃሉ ያልያዘ ሰው ምን ይዞ ያነጋል?

ስለ ሰንበት በነበረው ክርክርም አባ ጊዮርጊስ የራሱ አቋም ነበረው። የሐይቅ አባቶች ከጳጳሱ ጋር ሆነው እሑድን ብቻ ሲያከብሩ፣ እርሱ ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ አስተማረ። ይህ ነገር በዘመኑ አልተፈጸመም፤ በ1442 ዓ.ም. ገደማ በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ፊት ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ ተወሰነ። ደቀ መዝሙሩ ንጉሥ ስለ ሃይማኖት ብዙ ደክሟል፤ መጽሐፈ ብርሃን የሚባለውንም ድርሰት ትቶልናል። ይሁን እንጂ በዚያው ዘመን በደቂቀ እስጢፋኖስ ላይ የደረሰውን መከራ ያነበበ ሰው ልቡ ያዝናል። መምህሩ ስለ ሃይማኖት ታሠረ፤ ደቀ መዝሙሩ ስለ ሃይማኖት አሠረ። በእኛ ፍርድ፣ ብርሃንን በብዕር መጻፍ የቻለ ሁሉ በእጁ የያዘውን በትር እንዲያስቀምጥ ብርሃኑ አያስገድደውም፤ ይህን የሚያደርገው የራሱ ፈቃድ ነው።

አባ ጊዮርጊስ በመጨረሻ ዘመኑ የደረሰው ታላቁ ሥራው መጽሐፈ ምሥጢር ነው። ዐፄ ዳዊት ካረፈ በኋላ ቀዳማዊ ቴዎድሮስ ጥቂት ጊዜ ነግሦ፣ ዐፄ ይስሐቅ በመንግሥት ሳለ፣ በ1416 ዓ.ም. ተፈጸመ። የሰባልዮስን፣ የአርዮስን፣ የመቅዶንዮስን፣ የንስጥሮስንና የሌሎችን መናፍቃን ትምህርት አንድ በአንድ እያነሣ ይመልስበታል። የሚያስደንቀው ግን አቀማመጡ ነው። ክርክሩን ለሊቃውንት ብቻ በሚሆን መጽሐፍ አልሸሸገውም፤ በበዓላት ቀን በሕዝብ ፊት እንዲነበብ አድርጎ ከፋፍሎ አዘጋጀው፤ ገበሬውም እንደ ሊቁ የሃይማኖቱን ድንበር በጆሮው እንዲሰማ ነው። ከዘመናት በኋላ የሩቅ አገር ሊቃውንት ዋጋውን አውቀው፣ ጄራር ኮሌን ገድሉን በ1987 እ.ኤ.አ. ከፈረንሳይኛ ትርጕም ጋር፣ ያዕቆብ በየነም መጽሐፈ ምሥጢርን በ1990 እና በ1993 እ.ኤ.አ. ከጣልያንኛ ትርጕም ጋር በሎቬን አሳተሙት። በባሕር ማዶ ቤተ መጻሕፍት የሚገኘው መጽሐፍ በራሱ አገር በወሎ አድባራት ዕቃ ቤት ስንቱ ጋር ይገኛል ብለን ብንጠይቅ፣ መልሱን የየደብሩ አስተዳዳሪዎች ያውቁታል።

መጽሐፉ ከተፈጸመ በኋላ ብዙ አልቆየም። ሐምሌ 7 ቀን 1417 ዓ.ም. ዐረፈ፤ ሥጋውም በገደላማው በጋሥጫ ተቀበረ፤ ስሙም ከዚያች ስፍራ ጋር ተያይዞ ቀረ። ዕለቱ የሥላሴ በዓል ነው፤ ስለ ሥላሴ ተከራክሮ ለታሠረ ሰው ከዚህ የተሻለ ቀን ማን ሊመርጥለት ይችል ነበር? ወሩ ክረምት ነው፤ በወሎ ተራሮች ላይ ጉም ይወርዳል፣ ፀሐይም ቀኑን ሙሉ ሳትታይ ትውላለች። ወደ ጋሥጫ የሚሄዱ ምእመናን በጭቃና በዝናብ ይጓዛሉ፤ ማታ ደርሰውም በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ያድራሉ። መንፈቀ ሌሊት ሲሆን ካህናቱ ጧፍ አብርተው ይነሣሉ፤ በዚያ ወፍጮ ቤት ያለቀሰው ልጅ የደረሰውን ሰዓታትም ይጀምራሉ።